ዝምታው ያበቃበት ፓርክ

ተፈሪ ከልጁ ከየአብሥራ ጋር ከተኳረፈ ወራት አልፈዋል። የነርሲንግ ትምህርቷን በማቋረጧ ሲቆጣት፣ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ፣ ሚስቱ ሰብለ ሥራ ላይ እያለ ደወለችለት።

«ፍራንክሊንተን ያለው ፓርክ ውስጥ የሃዋይ ፌስቲቫል አለ። ልጃችን ትደንሳለች፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሂድና እያት።»

ካናል ዊንቸስተር ከሚሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ እንደወጣ፣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ሄደ። ከሰዉ ኋላ አንድ ዛፍ ሥር ቆመ። የአብሥራ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቃ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትደንሳለች። ድንገት ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ሌሎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ እሷ ግን ቀጠለች። አስተማሪያቸው፣ አንዲት የሃዋይ አሮጊት፣ እሷን አይታ ትልቅ ቅል እንደ ከበሮ እየመታች ማዜም ጀመረች። ሌሎቹም ወደ ዳንሱ ተመለሱ። ተፈሪ ሳይታወቀው ሰዉን አልፎ ፊት ድረስ መጥቶ ነበር።

ዳንሱ ሲያበቃ የአብሥራ አየችውና ቀረብ አለች። አላቀፈችውም።

«እጅሽን ወደ ራስሽ ስትስቢ ምን ማለት ነው?» አላት።

«ዌቭ ነው፣ ዳዲ። ባሕሩ ወደ ዳር ሲመጣ።»

«እኔ ደግሞ ‹ና› ያልሽኝ መስሎኝ።»

ሳቀች።

«ትምህርቱን ግን…» ብሎ ጀመረ።

«ዳዲ፣ ኖት ቱዴይ።»

«እሺ፣ ዛሬ ይቅር» አለና፣ ምግብ ሊገዙ አብረው ሰልፍ ያዙ።