ጥቁሯ ጣሳ

ማጉያውን ለሦስተኛ ጊዜ ስቀይር ምሰሶው ላይ ሆኜ ራሴን እየረገምኩ ነበር። ስድስት ሰዓት አልፏል። ስምንት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ለመምህርነት ፈተናዋ ኢንተርኔት ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ መስመሩ መሃል ላይ ጥሏት ፈተናው ተሰርዞባታል፤ ዛሬም ከተቋረጠ ከማስተማር ትሰናበታለች። መስመሩን የዘረጋሁላት እኔ ነኝ። «አታስቢ፣ በኔ ይሁንብሽ» ያልኳትም እኔው። ምላሴን በቆረጠው!

ከስልክ ማዕከሉ እስከ እሷ ትምህርት ቤት አስራ አንድ ኪሎ ሜትር የመዳብ ሽቦ አለ። ኢንተርኔት በሽቦ ያን ያህል ስለማይዘልቅ እኩሌታው ላይ ማጉያ የምትባል ሳጥን ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ የደከመውን ሲግናል ተቀብላ፣ አበርትታ ትልካለች። ሳጥኗ ሁለት መብራት አላት። በማዕከሉ በኩል ያለው አረንጓዴው በርቶ ቀጥ ብሏል። በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ግን ይይዛል፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃል። ጥፋቱ ከሳጥኗ ወዲያ እንደሆነ ለጀማሪም አይጠፋውም። እኔ ግን ሳጥን እቀይራለሁ፤ ምክንያቱም የአባቴ ደብተር አለ።

አባቴ በዚህ መስመር ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ እያንዳንዱን ምሰሶና መጋጠሚያ ያሰፈረበትን ደብተር ለእኔ አስረከበኝ። ከማጉያው እስከ ትምህርት ቤቱ ላለው ሽቦ አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፤ «ንጹህ»። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከካርታው ይልቅ ይሄን ደብተር ነው የምናምነው። እኔማ እምልበታለሁ። ስለዚህ ያንን ሽቦ አንድም ቀን ፈትሼው አላውቅም።

ሦስተኛውም ሳጥን ለቀቀ። ሞተር ብስክሌቴን አስነስቼ ወደ ትምህርት ቤቱ በረርኩ። እህቴ መምህራን ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

«ስንት ሰዓት ነው አልልሽም» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ይሠራል።»

«ባለፈውም ይሠራል ብለሽኝ ነበር።»

«በቃ ተረጋግተሽ ቁጭ በይ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብያለሁ እኮ! መቀመጫዬ ደነዘዘ!»

ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አንስቼ ቤት ደወልኩ፤ ምናልባት አባቴ የረሳው መጋጠሚያ ይኖር ይሆናል ብዬ።

«አቤት የኔ ልጅ!» አለ አባቴ። ሻይ እያማሰለ ነበር፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ደነገጥኩ። በአስራ አንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ የሻይ ማንኪያ አይሰማም። የድሮ ባለሙያዎች ድምፅ እንዳይደክም ረጅም መስመር ላይ ኮይል ያስገቡ ነበር፤ ጥቁር ጣሳ ውስጥ የታሸገ ጥቅልል ሽቦ ነው። ድምፅን ያጠራል፣ ኢንተርኔትን ግን አንቆ ይይዛል።

«አባዬ፣ ይሄ መስመር ላይ ኮይል አስገብተሃል?»

ማንኪያው ቆመ።

«አባዬ!»

«ከድልድዩ ማዶ፣ ሁለተኛው ምሰሶ ሳጥን ውስጥ» አለ። «ጡረታ ልወጣ ወር ሲቀረኝ ነው። እህትሽ እዚያ ተመድባ ስትደውል ድምጿ አይሰማኝም ነበር። ጆሮዬን ታውቂው የለ። ምን እንዳለች ሳላውቅ ‹እሺ፣ እሺ› እያልኩ እዘጋ ነበር።»

«‹ንጹህ› ብለህ ጻፍክ እኮ! ሁለቴ ተሰርዞባታል!»

«መጀመሪያ ከኮይሉ ነው ብዬ አላሰብኩም። በኋላ ደግሞ... ፈራሁ። ሂጂ ቁረጪው። ቆይ፣ ከመቁረጥሽ በፊት እሷን አገናኚኝ።»

ስልኩን ለእህቴ ሰጠኋት። ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል «አባዬ፣ አሁን ጊዜ የለኝም፣ ስጨርስ እደውላለሁ!» ብላ ዘጋችው። ምን እንደዘጋች አላወቀችም፤ ኮይሉ ከተቆረጠ ድምጿ ለአባቴ አይሰማውም። ከፈተና በፊት እንዴት ብዬ ልንገራት? ፒንሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ጣሳዋ ደብተሩ ላይ ባትኖርም እሱ በነገረኝ ቦታ ተቀምጣለች፤ የናስትሮው አጠቃለል ራሱ የአባቴ እጅ ነው። በፒንሳ ቆርጬ አወጣኋት፣ ሽቦውን ቀጠልኩ፣ ወደ ማጉያው ተመለስኩ። ሁለቱም መብራት አረንጓዴ። አስር ደቂቃ ሞላ። ሃያ። ስምንት ሰዓት አልፎም ከምሰሶው ሥር መነሳት ፈራሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ፈተናው ሊያልቅ ሲል፣ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ።

ስልኩ አጠገብ ወንበር አስጠግቶ ተቀምጧል። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት አየት አደረጋትና ፊቱን አዞረ።

አስር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። በሁለት እጁ አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከወዲያ በኩል ቀጭን ነገር ይንሾካሾካል።

«እሺ» አለ አባቴ። «እሺ የኔ ልጅ... እሺ... እሺ።»

ሲዘጋው ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አለች?» አለኝ።