የቡፌው በሮች

የልጄ ሽልማቶች የተቆለፉበት ያ ቡፌ ለዓመታት ሲያንገበግበኝ ኖሯል። በኋላ ማንገብገቡንም ተወ። ሳየው ምንም አይሰማኝም ነበር።

ባሌ አብዱናስር ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልናገርለት። ጫት ነጋዴ ነው፤ ከሂርና እየጫነ ጭሮ ያወርዳል። ልጃችን ሹክሪያ አራተኛ ክፍል ሆና አንደኛ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ሉል ሸለማት፤ ያ ኳስ የመሰለው፣ አገር ሁሉ የተሳለበት። አባቷ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ። ቤት ስንገባ ግን ቡፌው ውስጥ ከተተው፤ ቆልፎም ቁልፉን ኪሱ ጨመረ።

"ይሰበራል" አለ።

ጓደኞቹ በርጫ ሊቅሙ ሲመጡ በመስታወቱ እያሳየ "የልጄ ነው" ይላል። "ማሻአላህ" ይሉታል። ሹክሪያ አጠገቡ ትቆምና አፍሪካን ታያለች። ከሉሉ ወደ መስታወቱ የዞረው ጎን እሱ ብቻ ነው።

"አባ፣ በጀርባው በኩል አዙርልኝ?"

"ጀርባው ምን አለው?"

"አላውቅም እኮ። ለዚህ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀና "ነገ" አላት።

ወንድሜ መስዑድ መዝገበ ቃላት ላከላት። እሱም ገባ፣ ተቆለፈበት። ያኔ ከባሌ ጋር ተጣላሁ።

"እኔ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ መጽሐፍ የሚገለጥ ነገር መሆኑን ግን አውቃለሁ" አልኩት።

"አቦ ተይኝ ሞሚና! ትቀደዋለች።"

ደጋግሜ ተጣላሁ። አንድ ቀን ደከመኝና ተውኩት።

ዘንድሮ ሹክሪያ ሰባተኛ ክፍል ናት። የሳይንስ መምህሯ በላይነህ ወደ አገሩ ተዛውሮ ሊሄድ ሲል የራሱን መጽሐፍ ቤት ድረስ አመጣላት። ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት ነው፤ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፎበታል።

"እናት፣ የዚህች ልጅ ጥያቄ አያልቅም" አለኝ። "እንዲያልቅ እንዳታደርጉት።"

አባቷ ከገበያ ሲገባ ሹክሪያ ራሷ መጽሐፉን ዘረጋችለት።

"እንካ አባ። ቆልፈው።"

"አታነቢውም?" አልኳት።

"ምን ያደርጋል አዮ። እዚያው ይሻለዋል።"

አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም። ድምጿ የእኔን ድምፅ ነበር የሚመስለው። አባቷ "ጎበዝ" ብሎ ቆለፈው።

እኔ ደንዝዤ ብቀር ግድ የለኝም። እሷ ግን ገና ልጅ ናት።

በማግስቱ አብዱናስር ወደ ቦርደዴ ሄደ። ቡፌውን የሠራውን አናጢ፣ ሳቢትን፣ አስጠራሁት።

"ቁልፉስ?" አለኝ።

"ቁልፍ የለም። በሮቹን ከማጠፊያቸው ፍታቸው።"

"አብዱናስር ያውቃል?"

"ሲመጣ ያውቃል።"

"ወላሂ ሞሚና፣ በኋላ እኔን ነው የሚጣላኝ።"

"በሩን ፍታልኝ አልኩህ እንጂ ባሌን ፍታልኝ አላልኩህም።"

ሳቀና ካቻቢቴውን አወጣ።

በሮቹ ሲወርዱ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አላልኩም። መስታወቱን ደግፌ ስለቆየሁ ክንዴ ብቻ ዛለ።

"እነዚህን የት ላስቀምጣቸው?"

"ይዘሃቸው ሂድ። ለሌላ ሰው ቡፌ ግጠማቸው።"

"ቢጠይቀኝስ?"

"ሞሚና ሰጠችኝ በለው።"

ባጃጅ ላይ ጭኖ ወሰዳቸው።

ሹክሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እንደያዘች ቡፌው ፊት ቆመች።

"አዮ፣ አባ ምን ይላል?"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

መጽሐፉን ስታወርድ አየሁ። ታንብበው አታንብበው ቆሜ አልጠበቅኩም። ወጥቼ የግቢው በር ላይ ተቀመጥኩ። አብዱናስር ከጓደኞቹ ጋር እያወራ ሲመጣ ተነሳሁና ሳይገባ ነገርኩት።

"የቡፌውን በሮች አስፈትቻለሁ። ሌላ ብታስገጥም እሱንም አስፈታዋለሁ።"