ለአንድ ሰው የተሠራ እራት

«አባትሽ በዚህ አቅሙ ቢላ ቢያርፍበት ከጠረጴዛው አይነሣም» አለች ፈረንጇ ሐኪም። አስተርጓሚው ነገሩን ሊያለዝብልኝ ፈልጎ ሲንተባተብ «ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከወተት ቆርቆሮና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ነው። አማርኛውንም ቢሆን ፊደል የለየሁት ጎረቤታችን ግድግዳው ላይ ከለጠፈው ጋዜጣ ነው። «ሴት ልጅ ማንበብ ምን ያደርግላታል?» ያሉኝ ሁሉ ዛሬ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «ይመኙሽ፣ እስቲ ነይ አንብቢልን» ይላሉ። አነብላቸዋለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ፣ እያስጠበቅኩ።

የአባዬ ነገር እንዲህ ነው። ጨጓራው ውስጥ ያበጠ ነገር አለ፤ ሰኞ ይቀደዳል። ለመቀደድ ግን አቅም ያስፈልጋል፣ አቅም ደግሞ ከምግብ እንጂ ከሌላ አይመጣም። አባዬ ከመስቀል ወዲህ የቀመሰው ነገር ከአጥሚት አይዘልም፤ እሱም ገሚሱ ይመለሳል። ሰኞ ጧት ሐኪሟ አይታው ትንሽ እንኳ ካልጠና ሳትነካው ወደ ቤቱ ትሰደዋለች። ወደ ቤት መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

«በአገሬ» አለችኝ «ሳልሞን የሚባል ሥጋው ቀላ ያለ ዓሣ አለ። ማርና ሎሚ እናለብሰውና በመጥበሻ ቶሎ እናደርሰዋለን። ለሆድ አይከብድም፣ ደም ይሆናል።»

«ጣና ሳልሞን የሚባል አያውቅም» አልኳት።

«ዓሣ ግን ያውቃል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ማሩ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ፣ ዓሣው በየት በኩል ቀድሞ እሳት እንደሚነካ እዚያው ቆሜ አስደገምኳት። ትዕግሥቷ አለቀ፤ የእኔ አላለቀም።

ዓሣ ያልኩት እንዲሁ በፈረንጅ ቃል ተመርቼ አይደለም። አባዬ በጉልበቱ ዘመን በቅሎ እየነዳ በመተማና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ጎርጎራ ሲያድሩ የበሉትን ዓሣ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ሐሙስ ዕለት አጥሚቱን በእጁ ገፋ አድርጎ «ይኼን ከምትግቺኝ የጎርጎራው ዓሣ ቢገኝ ምናልባት» አለኝ። ምናልባት! ከዚያ አፍ ከወጣ ብዙ ነው።

አርብ አዘዘን ያዝኩት። አዘዘ የጭነት ማኪና ይነዳል፣ ጎርጎራ ደርሶ ይመለሳል፣ ወሬውም ከማኪናው አይተናነስም።

«ዓሣ? አንቺ የሐይቅ ሰው ሆንሽ እንዴ?»

«ምነው፣ ለማምጣት ዘር መቁጠር ያስፈልጋል?»

«ኧረ አመጣለሁ፣ ምላስሽን ሰብስቢ እንጂ!»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሐይቁ ዳር በሚበቅል እርጥብ ደንገል የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ መጣ። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሸተውበት ጥሏቸዋል። ነገ እሑድ ነው፤ አዘዘ እሑድ ማኪናውን ያጥባል እንጂ አይነዳም። ስለዚህ ያለኝ ይኸው አንዱ ነው።

ጎንደር ቀሐ ወንዝ ዳር ያለው ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አባዬ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ የእጄን ሥራ ይከታተላል። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ፋቅኩ። ሆዱን ሰንጥቄ በሎሚ አጠብኩ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሥጋውን ገፍፌ አወጣሁ፣ ቀጫጭኑን አጥንት በጣቴ እየዳሰስኩ ለቀምኩ። ከዚያ ትንሿን ድስት ከሰል ላይ ጥጄ ማር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩበት።

«ማሩን ምነው ታቃጥይዋለሽ?» አለ አባዬ። «ጠጅ አይሆን፣ ወጥ አይሆን።»

«መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒትስ ይመራል።»

«ይኼኛው ተምሯል» አልኩት። ትንሽ ፈገግ አለ፤ ጥርሱን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ማሩ ወፍሮ ከማንኪያው ጀርባ አልላቀቅ ሲል አወረድኩት። መጥበሻው ላይ ኑግ ዘይት ጠብ አድርጌ ዓሣውን በቆዳው በኩል አስተኛሁት። ቸስ አለ። ገልብጬ ማሩን ከላይ አፈሰስኩበት፤ እየተንቦጫረቀ ሥጋውን አለበሰው፣ ወርቅማ ሆኖ አብለጨለጨ። ሁሉም ነገር ሽሮ ተሠርቶ እስኪንተከተክ ድረስ እንኳ አልቆየም። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ከቤቱም ወጣ።

አባዬ ደግፊኝ ሳይል በክንዱ ተመርኩዞ ተነሣ።

«አፌን ውሃ ሞላው» አለ።

ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ቁራሽ ቆረሰ፣ በእጁ ያዘው፣ አየው። ልክ ወደ አፉ ሊያነሣው ሲል ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የአባዬ ፊት በራ። ለዓሣው ይሁን ለድምፁ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ቁራሹን ግን ወደ ሳህኑ መለሰው።

አያ ክንዴ ናቸው፣ የድሮ የመንገድ ጓደኛው፤ ከኋላቸው ሚስታቸው እቴ ማሬ። በእነሱ ኋላ ደግሞ ከማክሰኝት የመጡ ሁለት የእህል ነጋዴዎች አቧራቸውን ሳያራግፉ ቆመዋል። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው የታመመ ወዳጁን ሳይጠይቅ አያልፍም። አውቀው ነበር። ከዓሣው ጋር ስተናነቅ ረሳሁት እንጂ።

«ይማርህ ዳኛው! ደግሞ ምን ይሸታል? ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያሸታል!» አሉ አያ ክንዴ፣ አባዬን በስሙ ጠርተው።

«ግቡ፣ ግቡ! ይመኙሽ፣ የእጅ ውሃ።»

«ሽሮ አለ፤ አሁን አሙቄ አቀርባለሁ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«የማክሰኝት እንግዳ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ትኩስ ምግብ ፊቴ ተቀምጦ፣ ሽሮ?» አለ አባዬ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። «ውሃ አልኩሽ።»

ውሃ አስታጠብኩ። ምን ላድርግ? ሳህኑ በሰው መካከል ገባ። እቴ ማሬን በዓይኔ ጠቀስኳቸው፤ ብልህ ናቸው፣ ገባቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «እኔስ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አሉ።

«በሞቴ!» አለ አባዬ።

ይህን ቃል በየቤቱ በየማዕዱ እንደ ቀላል ነገር ነው የምንለው። ጤነኛ ሰው ሲለው እየሳቁ «ኧረ አይሙቱብኝ» ብሎ አንድ መጉረስ ነው። ከዚያ መደብ ላይ፣ ጉንጩ ከጎደጎደ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ማን ይመልሰዋል? እቴ ማሬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አፋቸውን ከፈቱ። አባዬ በሁለት ጣቱ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ቀጥሎ አያ ክንዴን። ቀጥሎ ነጋዴዎቹን፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ማር ያለው ዓሣ!» አለ ከነጋዴዎቹ አንዱ እየላመጠ። «አያ ዳኛው፣ ይኼ የቤተ መንግሥት ነው እንዴ?»

«የልጄ ነው» አለ አባዬ፤ ደረቱን ነፋ።

ሁለተኛውን ዙር ሲጠቀልል አላስቻለኝም።

«የሱ ነው!» አልኩ። «ዓሣው የሱ ነው። ሐኪሟ ካልበላ አትነካውም። አንድ ብቻ ነው ያለን፣ ለእሱ ነው የሠራሁት!»

እጆች ሁሉ ቆሙ። ትንሹ ነጋዴ ያነሣውን ቁራሽ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ መለሰ። አባዬ አልተቆጣኝም። ዓይኑን ብቻ መሬት ላይ ጣለ፤ ፊቱ ልብሱን በሰው ፊት እንደተገፈፈ ሰው ሆነ። በዕድሜው ሁሉ ከደጁ ሰው ሳይበላ ሄዶ አያውቅም። በድርቅ ዘመን እንኳ፣ በጠላት ዘመን እንኳ።

«ልጄ ፊደል ለየች» አለ በዝግታ፣ ለአያ ክንዴ። «እንግዳ መመለስ ግን ከየት እንደተማረች እንጃ።»

ያኔ አያ ክንዴ ያደረጉትን አልረሳውም። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰውየው በራሱ ቤት አፍሮ እንዳይቀር ብለው ነው። ሳቅ አሉና «ኧረ ልጅነት ነው፣ ዳኛው! አምጣ እንጂ፣ እኔኮ ገና አልጠገብኩም» ብለው ከሳህኑ በእጃቸው አነሡ። ነጋዴዎቹም ገባቸው፤ እነሱም አነሡ፣ እያደነቁ፣ እየመረቁ፣ ጣታቸውን እየላሱ። አፌን ባልከፍት አንድ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ይቆሙ ነበር። አሁን የአባዬን ክብር ለመመለስ ሁሉንም መብላት ነበረባቸው፤ በሉም። ካህን ቢኖር፣ ዳኛ ቢኖር ማንን ልክሰስ? የበደለኝ ሰው አልነበረም።

«አንተስ ዳኛው?» አሉ እቴ ማሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ጉርሻ፣ ለኔ ስትል።»

«እናንተ ስትበሉ እኔ ጠገብኩ» አለ። እውነቱን ይመስላል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ዓይኑ ነቅቷል፣ የመተማን መንገድ፣ የጠፋች በቅሎ፣ የአንድ ሽፍታ ነገር ያወራል፤ ነጋዴዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሐኪሟ ያኔ ብትገባ «ጠንቷል» ትል ነበር።

ሊመሽ ሲል «እግዜር ይማርህ»፣ «እግዜር ይስጥልን» ተባብለው ተነሡ። እቴ ማሬ በሩ ላይ እጄን ጨበጥ አድርገው ወጡ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ከሳህኑ ጥግ አንድ ቁራሽ ቀርታለች፤ ማሩ ከላይዋ ቀዝቅዞ ረግቷል። መደቡ አጠገብ ተንበረከኩ። አንሥቼ ወደ አፉ አቀረብኩለት።

«ይቺን ብቻ፣ አባዬ። ይቺን ብቻ። ሰኞ እንዲነኩህ።»

እጄን ያዘኝ። ጣቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀለውብኝ ነበር፣ ግን ያዙ። ቁራሿን ከጣቴ ወስዶ ጥሩ አድርጎ ጠቀለላት።

«ስትሠሪ ውለሽ አልቀመስሽም» አለ። «አፍሽን ክፈቺ።»

«አይሆንም። አልበላም። አንተ ብላ።»

«ይመኙሽ።»

«አልበላም አልኩ!»

«በሞቴ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ዝንጅብሉ ልክ ነበር፣ ማሩም አልበዛም፣ ሥጋው ምላስ ላይ ይሟሟል። አባዬ ትራሱ ላይ ተመልሶ ተጋደመና እያላመጥኩ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ሸጋ ነው አይደል?» አለኝ።

አፌ ሙሉ ነበር፤ ራሴን ነቀነቅኩለት።