የሽያጩ ቢራ

በጀርመን አገር በሃርዝ ተራሮች ሥር መሬት የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን ስለተቀበለ ብቻ ሸጠ አይባልም። ሻጭ፣ ገዢና ምስክር ከአንድ ጽዋ ቢራ መጠጣት አለባቸው። እስኪጠጣ ድረስ ሻጩ ትቼዋለሁ ብሎ መነሣት ይችላል። ሽማግሌው ቲሎ የወንዝ ዳር መሬታቸውን ሊሸጡ ሲስማሙ ለምስክርነት ያስጠሩት ልጃቸውን ቬንዴልን ነበር።

ቬንዴል በአገሩ መስፍን የገንዘብ መሥሪያ ቤት መሐለቅ የሚባለውን ሳንቲም በመዶሻ ይመታል። ከነሽርጡ ቢራ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ሲያይ እሱ ራሱ የመታው አዲሱ መሐለቅ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የሚመታው መሐለቅ መዳብ ነው፤ ብሩ ለስሙ ያህል ነው። በጨውና በወይን አተላ ቀቅለው ያነጡታል፣ ጥቂት ወር ኪስ ውስጥ ሲከርም መዳቡ ወጥቶ ይቀላል፣ ያኔ የሚቀበለው የለም። ይህን ምስጢር ያወጣ ሠራተኛ ይሰቀላል፤ ቬንዴልም በወንጌል ምሏል። ገዢው ሄርማን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አማች ነው። ጉዱን አሳምሮ ያውቃል፣ ዓይን አውጣ!

ሽማግሌው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ጉልበታቸው ስለደከመ ከእንግዲህ አያርሱም። በዚህ ገንዘብ ለፋሲካ የጡረተኞች ቤት ይገባሉ፤ እስኪሞቱ ድረስ አልጋና ትኩስ ሾርባ አያጡም።

«ጎረቤቶቼ ከጦርነቱ በፊት የተመታውን አሮጌውን የብር ታለር ጠይቅ አሉኝ» አሉ። «ሳቅሁባቸው። ይኼን የመታው የገዛ ልጄ አይደል እንዴ?»

ቬንዴል ወደ አባቱ ጠጋ አለ። «አባባ፣ መሬቱ ትንሽ ቢቆይስ? እኔ አርስልዎ ነበር።»

«አንተ? ማረሻ በየት በኩል እንደሚያዝ መች ታውቅና!»

ቢራ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሄርማንም ሳቀና ጽዋውን ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረገው። «ከመጠጣትዎ በፊት ባለሙያው ይናገር» አለ። «ቬንዴል፣ ገንዘቡ እንከን አለው?»

አባቱ ጽዋውን አንሥተው ይጠብቁታል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሚስቱንና የሚጠባ ልጁን አሰበ።

«የለውም» አለ።

ሽማግሌው እስከ ግማሽ ጠጡ፣ ሄርማን ተከተለ፣ ጽዋው ለቬንዴል ደረሰ። እስከ አተላው ድረስ ጨለጠው። አባቱ ከክምሩ አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ካዩት በኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉት።