አሥራ ሁለተኛው ዘለበት

በያጁ ሚስቱ የምትጽፈውን የጥንት ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ አንብቦ ሳቀ። ፈረሰኛው ከጦርነት እንደተመለሰ ልዕልቲቱን እቅፍ ያደርጋታል።

«ያን ሁሉ ብረት እንደለበሰ? ጎድኗን ነው የሚሰብረው» አላት።

ሚስትየው አኮረፈች። በማግስቱ ከላሜራ እንደ ፈረሰኛው ያለ ጥሩር ሠርቶ፣ ከጀርባው አሥራ ሁለት ዘለበት ገጥሞለት፣ ለብሶት መጣ። «በይ አውልቂልኝና እዪው።»

አንዱ ዘለበት ጥፍሯን ሰበረ፣ ሌላው አሥር ጊዜ አስለመናት። ስድስተኛው ላይ የሁለቱም ሳቅ ጠፍቶ ትንፋሻቸው ብቻ ቀረ። ይሄኔ ትታው ወደ ጠረጴዛዋ ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ምዕራፍ ሰጠችው። «የፍቅር መጽሐፍ የሥራ ፈት ነው» ባዩ ሰውዬ፣ ጥሩሩ ግማሹ እንደተቆለፈ ቆሞ አነበበው። ምዕራፉ አሥራ አንደኛው ዘለበት ላይ አለቀ።

«አሥራ ሁለተኛውስ መቼ ነው የሚፈታው?»

«የፈረሰኛው ነው ወይስ ያንተ?»

«የኔ ይደርሳል» አላት፣ ቀና ሳይል።