የተንጋደደ ማሳ

መምህር ዋቅወያ ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ ሰው ነበር። «ዲሬክተሩ ይፈልጉሃል» ከተባለ «ምን አጠፋሁ?» ይላል፤ ደብዳቤ መጣልህ ካሉት ፖስታውን ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ፈሪ ነው ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ግን ይህን ስሙ። ገና ጀማሪ መምህር ሳለ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የቀድሞውን ዲሬክተር «ይህ ልክ አይደለም» ብሏቸው ነበር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቅጣት ዝውውር ዲዴሳ ቆላ አወረደችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ኖሮ፣ የመጀመሪያ ልጁን እዚያው ቀብሮ ነው ነቀምቴ የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ አለቃ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አሁን የአራት ወር ሕፃን አለችው፤ ባነጠሰች ቁጥር ሮጦ ግንባሯን ይዳብሳል።

እንግዲህ በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባቻ በክፍሉ መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ባርሲሳ፣ ዲሬክተሩ ይጠሩሃል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝም አብሯቸው አለ» ሲለው፣ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ባቻ ሲያከብረው እንዲህ ይለዋል። ዋቅወያ ጠመኔውን አላነሣውም። ግቢውን ሲያቋርጥ ሳምንቱን ሙሉ የተናገረውን ሁሉ በልቡ እያገላበጠ የሚያስከስስ ቃል ይፈልግ ነበር።

ፈታኙ የመጣበት ጉዳይ ይታወቃል። አንድ ኮሌጅ ከወለጋ ከተሞች ተማሪዎች መርጦ ሊወስድ ፈልጎ፣ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ልጆች ነቀምቴ ተሰብስበው ተፈትነዋል። ከዋቅወያ ተማሪዎች የቀረቡት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የዳኛው ልጅ እማዋይሽ ናት። ሁለተኛዋ ድርቤ ትባላለች፤ የጉቴው ገበሬ የፉፋ ልጅ ስትሆን፣ እዚሁ ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልታመጣ በእግሯ ጉቴ ደርሳ ትመለሳለች።

ጥያቄዎቹ የለመድነው ዓይነት ሒሳብ አልነበሩም። አስሉ አይሉም። አንድ ጥያቄ ያነሡና ከሥሩ ሁለት መረጃ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ «መልሱን ለማወቅ የትኛው መረጃ ይበቃል?» ይላሉ። አንደኛው ብቻውን ከበቃ መልሱ ኤ ነው፤ ሁለተኛው ብቻውን ከበቃ ቢ፤ የሚበቁት ሁለቱ ሲደመሩ ከሆነ ሲ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከበቃ ዲ፤ ተደምረውም ካልበቁ ኢ። በዚያ ትምህርት ቤት ይህን የሚያውቅ ከዋቅወያ በቀር ሰው አልነበረም። እሱም ቢሆን ያወቀው በአንድ የክረምት ሥልጠና ከታደለው ስምንት ገጽ የተባዛ ወረቀት ነው። ዲሬክተሩ ግን ለእንግዳው «በዚህ ነገር የእኛን መምህር የሚያክል የለም» ብለው በኩራት ተናግረዋል። ዋቅወያ ያን ሲሰማ ደስ ከማለት ይልቅ ፈርቶ ነበር።

ዲሬክተሩ አቶ ሽብሩ ከሸዋ የመጡ፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ያን ዕለት ለመስማት ጆሮ መስጠት ያስፈልግ ነበር።

«ተቀመጥ። ድርቤ ኮርጃለች።»

ዋቅወያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ጉዳዩ የእሱ አለመሆኑን ሲያውቅ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እፎይ አለ።

ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት አነጋገር ያለው ወጣት ነበር። ሁለት የመልስ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ይመልከቱ መምህር። ሁለቱ ልጆች የተሳሳቱት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያንኑ ሦስት ጥያቄ፣ ያንኑ ስሕተት። ከሌሎቹ ተፈታኞች ሦስቱንም እንዲህ የሳተ የለም። ድርቤ የተቀመጠችው ደግሞ ከእማዋይሽ ኋላ ነው። ይህ አንድ።»

ከዚያ የድርቤን ወረቀት አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናው።

«ሁለተኛው ይኸው። በሦስቱም ላይ መጀመሪያ የጻፈችው ሲ ነበር። ልኩም ሲ ነው። በላጲስ ፍቃ ኤ አደረገችው፤ እማዋይሽም ኤ ነው ያለችው። ልክ የሆነውን አጥፍቶ የሰው ስሕተት የሚጽፍ፣ ኮራጅ ካልሆነ ማን ነው?»

«ቃለ ጉባኤው ተዘጋጅቷል» አሉ አቶ ሽብሩ፣ አንድ ወረቀት ወደ እሱ እየገፉ። «ስሟ ከኮሌጁ ይሰረዛል፤ ከትምህርት ቤታችንም ትባረራለች። የቀረው የአንተ፣ የሒሳብ መምህሯ ፊርማ ነው። እሳቸው ነገ ማለዳ በአውቶቡስ ይዘውት ይሄዳሉ። ፈርም።»

ዋቅወያ ብዕሩን ተቀበለ። ለወጉ ያህል ግን አስራ አራተኛውን ጥያቄ አየት አደረገ። የአንድ ባለ አራት ጎን ማሳ ስፋት ስንት ነው? አንደኛ፣ አራቱም ጎኖቹ እያንዳንዳቸው ሃምሳ ሜትር ናቸው። ሁለተኛ፣ አንዱ ማዕዘኑ ዘጠና ዲግሪ ነው።

ይህማ ኤ ነው፣ አለ በልቡ። ሃምሳ በሃምሳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ማዕዘኑ ምን ይሠራል? የመልስ ቁልፉ ቢሳሳት ነው እንጂ። ይህን አፍ አውጥቶ ሊናገር ግን አልደፈረም። ከጠረጴዛው ላይ የአቶ ሽብሩን የክብሪት ቀፎ አንሥቶ መነካካት ጀመረ። ክብሪቱ አልቆ ቀፎው ብቻ ቀርቷል፤ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው። ጠርዙን ቢጫነው ወደ ጎን ተንጋደደ። ጨምሮ ቢጫነው ተኝቶ ተለጠፈ። አራቱ ጎኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንድም አላጠረም። በመካከላቸው የነበረው ቦታ ግን የለም።

ቁልፉ ልክ ነው፤ ያለ ማዕዘኑ ስፋቱ አይታወቅም። ሌሎቹን ሁለት ጥያቄዎች አየ። አንዱ ስለ ግቢ፣ አንዱ ስለ ምንጣፍ፤ ሁለቱም ጎናቸው እኩል የሆነ። «አራት ጎን እኩል ከሆነ ካሬ ነው፤ በቃ፣ ኤ በሉና እለፉ» ብሎ ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነው። ሁለቱ ልጆች ተሳሳቱ እንጂ አልተኮራረጁም። ሁለቱም የገለበጡት ከእሱ ነው።

ይኸም ባልከፋ። መጋቢት ላይ ክፍል ውስጥ የሆነው ትዝ አለው። ድርቤ እጇን አውጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ የአባቴ ማሳ አራቱም ጎኑ እኩል ነው፤ በገመድ ለክተነዋል። ግን የተንጋደደ ነው። እንደ ጎረቤታችን ካሬ ማሳ ብዙ አይታረስበትም።»

እሱም፣ አለቃ ፊት አንድ ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ ልጆች ፊት አንደበቱ ተፈታና፣ «ፈተና ላይ ያለ ማሳ አይንጋደድም!» አላት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በቀልዱ ቀኑን ሙሉ ሲደሰት ዋለ። ደብተሯን ሲያርምም የሳለችውን ማሳ በቀይ ሰርዞባት ነበር።

እንግዲህ ልጅቱ ፈተናው ላይ በዓይኗ የምታውቀውን ጽፋለች፤ ከዚያ መምህሯን አስታውሳ አጥፍታዋለች። ያ የላጲስ ምልክት የሌብነት ሳይሆን የመታዘዝ ነው። ይህን የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቢናገር ምን እንደሚመጣ ያውቃል። አቶ ሽብሩ በእንግዳ ፊት አሞግሰውታል፤ አሁን በእንግዳ ፊት ሊያሳፍራቸው ነው። ዲዴሳ ሁልጊዜ መምህር ይጎድለዋል። የሕፃኗ ግንባር ትዝ አለው፤ ከዚያም ያኛው ግንባር፣ እንደ እሳት የሚፋጀው፣ በሦስተኛው ቀን የቀዘቀዘው። ብዕሩን ከወረቀቱ አራቀ።

«እሷን... ጠይቃችኋታል?» አለ በቀጭን ድምፅ። ጊዜ ለመግዛት ነው። ልጅቱ ራሷ ብትናገር እሱ ይተርፋል ብሎም ተስፋ አድርጓል።

ድርቤን ባቻ አመጣት። ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ አቅፋ በሩ ሥር ቆመች። ፈታኙ ወረቀቱን እያሳየ በእርጋታ ጠየቃት።

«እዚህ ሲ ብለሽ ነበር። ለምን አጠፋሽው?»

ልጅቱ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ዋቅወያን አየች። እሱ አንገቱን ደፋ።

ነገሩ ወዲያው ገባት። እውነቱን ብትናገር የሚጎዳው እሱ ነው።

«ኮርጄ ነው» አለች።

«ከማን?»

«ከእማዋይሽ። መምህሬ ጥፋት የላቸውም።»

ማን ጠየቃት ስለ መምህሯ? አቶ ሽብሩ አላስተዋሉም። «በገዛ አፏ! ፈርምና እንገላገል» አሉ፤ ድምፃቸው ጭራሽ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ዋቅወያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አኖረ። «ዋ» ብሎ ጻፈ። «ቅ» ብሎ ጨመረ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ሳያስበው ከአፉ የወጣው ያው የጥንቱ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ይህ ልክ አይደለም።»

አቶ ሽብሩ ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ።

«አልኮረጀችም» አለ ዋቅወያ እየተንተባተበ። «ሁለቱንም እንዲህ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ ያኔም ነግራኝ ነበር።»

ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። «መምህር፣ ለተማሪዎ ማዘንዎ ደግ ነው። ግን እሷ አምናለች፤ እርስዎ ደግሞ ይክዱላታል። የማንን ቃል ልቀበል? ማስረጃ አለዎት?»

«ደብተሯ ላይ አለ።»

ድርቤ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዋቅወያ ተነሥቶ ቀረባት። «ና ኬኒ» አላት በኦሮምኛ በዝግታ፤ ስጪኝ ማለቱ ነው። ራሷን ነቀነቀች። እጇን ማላቀቅ ነበረበት፤ ጣቶቿ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ነበር። ያን ገጽ ለማግኘት አልተቸገረም፤ ደብተሩ ራሱ እዚያ ላይ ነው የተከፈተው፣ ብዙ ጊዜ አይታው ኖሯል። የተንጋደደ ማሳ፣ በእያንዳንዱ ጎኑ ላይ «50» የተጻፈበት፣ ከሥሩ «አንደኛው አይበቃም፣ ማዕዘኑ ያስፈልጋል» የሚል። በላዩ ላይ ወፍራም ቀይ መስመር፤ በዳሩ በዋቅወያ የእጅ ጽሑፍ «ማሳው አይንጋደድም! ኤ»።

ፈታኙ አነበበው። የክብሪቱን ቀፎ አንሥቶ አንዴ ተጫነው፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ለሁለት ቀደደ።

«የልጅቱ ስም ይቆያል፤ የእማዋይሽም። እርስዎ አሁን ያሉትን ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

ዋቅወያ ጻፈ። ሲጨርስ አቶ ሽብሩ ወረቀቱን ሳያዩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከቱ፣ «በክረምቱ ስለ ዝውውርህ እንነጋገራለን» አሉ። ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለም ማለት ይቻላል። ዋቅወያ ግን እያንዳንዷን ፊደል ሰማ።

ውጭ ደረጃው ላይ ድርቤ እያለቀሰች ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ለምን ተናገሩ? እኔ ብባረር ጉቴ ነው የምገባው፤ ከአባቴ ጋር አርሳለሁ። እርስዎን ግን...» የዲዴሳን ስም ለመጥራት አልደፈረችም። በከተማው የእሱን ታሪክ የማያውቅ የለም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ደብተሯን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከኪሱ ቀዩን ብዕር አውጥቶ ከማሳው አጠገብ «ልክ ነሽ» ብሎ ጻፈበት።

«ነገ ይህን ለክፍልሽ ልጆች ሰሌዳ ላይ ትስይላቸዋለሽ» አላት። «እኔ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

«ኢሲን ሆ?» አለችው በኦሮምኛ፤ እርስዎስ?

ሊዋሻት አሰበ። መምህር ነውና አልፈራም ማለት ይገባው ነበር።

«አኒስ ናን ሶዳዳ» አላት። እኔም እፈራለሁ።

ደብተሩን መለሰላትና፣ ለሕፃኗ እናት ስለ ዝውውሩ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ ወደ ቤቱ ወረደ።