ድንኳን ውስጥ የቆመች መኪና

ሀይደር ወደ ድንኳኑ ሲገባ ታምሩ ቦታ አልለቀቀለትም። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበረ። ታምሩ የጋቢውን ጫፍ ክፍቱ ላይ ዘረጋና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ሀይደር ጥቂት ቆመ። "ሰብር ይስጣችሁ" አለ ለሁሉም፣ ለማንም ሳይል። ከዚያ ድንኳኑ ጥግ ድረስ ሄዶ ከመኪናዋ የወለቀ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ሳሌም ይህን ሁሉ ከእናቷ ፍራሽ ግርጌ ሆና አየች። አጎቷ ጋቢውን ለምን እንደዘረጋ አውቃለች። እውነቱን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰላትም።

ድንኳኑ የተተከለው የሟቹን የአባቷን መኪና ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ግቢው ጠባብ ነው። የእድሩ ሰዎች መጀመሪያ ገፋ ሊያደርጓት ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን የፊት ጎማዎቿ ሁለቱም ወልቀው በግንድ ጉማጅ ላይ ነው የቆመችው። "እንግዲህ እሷም ለቅሶ ትድረስ" አለ አንዱ፣ ሸራውንም በላይዋ አሳልፈው ወጠሩት። አሁን ሴቶች ነጠላቸውን መስተዋቷ ላይ ይሰቅላሉ። ኮፈኗ ላይ የውሃ ጆግና የብርጭቆ ትሪ ተቀምጧል። ወገቡ የደከመ ሽማግሌ በሯን ይደገፋል። አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጠጋ ይላል።

"ፈትቶ የተዋት ማነው?"

"ያ ጎሚስታው ነው አሉ። ሀይደር።"

"ሰው የሰው መኪና በትኖ ይሄዳል?"

ሹክሹክታው ከፍራሹ ይደርሳል። የሳሌም እናት አሰለፈች ትሰማለች፤ አትመልስም። ብቻ ሀይደር ባለበት በኩል አንድ ጊዜም አላየችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አላየችውም።

ባሏ በቃሉ ከወሎ የመጣው ልጅ ሆኖ ነው፤ በሠፈራው ጊዜ፣ በጭነት መኪና፣ ከእናቱ ጉያ ተጣብቆ። ያ ጉዞ ያስለቀሳቸው ብዙዎች ናቸው። እሱ ግን ሲያወራ የሚያነሳው የመኪናውን ድምፅ ነበር። አቀበት ላይ እንዴት እንደሚያቃስት፣ ሾፌሩ እንዴት እንደሚያባብለው። አድጎ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ያረጀችውን ስቴሽን መኪና በሐራጅ ሲያወጣት ማንም አልፈለጋትም፤ እሱ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ እሁድ የመኪናዋ ቀን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱታውን ይለብሳል፤ ሀይደር ከጎማ መጠገኛው መፍቻዎቹን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለቱ ሲነታረኩ የሰፈሩ ሰው በአጥር ያዳምጥ ነበር። አሰለፈች ምሳ ቀርቦ ሲቀዘቅዝ ብቅ ስትል ሀይደር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ "እህቴ አሰለፈች፣ ጣውንትሽ ዛሬ ዘይት ጠጣ፣ ጠግቧል፤ አሁን ለእኛ ስጪን" ይላታል። እሷም፣ "ጣውንቴስ ገላዋን የሚያጥባት ሁለት ወንድ አላት" ብላ ትመልሳለች።

ያቺ መኪና ሐኪም ቤት ያላደረሰችው የሰፈር ሰው የለም። ምጥ የያዛት ሴት፣ ወባ የጣለው ልጅ፣ ወደ ጫካ ወጥቶ እባብ የነደፈው። በቃሉን ለመቀስቀስ በር አይንኳኳም፤ በመስኮቱ "በቃሉ!" ብሎ አንድ ጊዜ መጥራት ይበቃ ነበር።

ለዚህ ነው በሁለተኛው ቀን ከሠፈራው መንደር ከአምባ የመጣችው አክስት ደረቷን እየመታች ግጥሙን ስታወርደው ድንኳኑ በአንድ አፍ የጮኸው።

"ሁሉን ያደረሰ በሌት በጨለማ፣
በጋሪ ሄደ ወይ መኪናይቱ ቆማ።"

ሳሌም አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሀይደርን አየችው። ጎማው ላይ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ይመለከታል።

በጋሪ መሄዱ እውነት ነው። ሰኞ ማለዳ በቃሉ ደረቱን ይዞ ከደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሳሌም ወደ ሥራዋ ልትመለስ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ወደ መንገድ ወጣች፤ ባጃጆቹ ሁሉ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው። ሀይደር የጎማ መጫኛ ጋሪውን እየገፋ ደረሰ። ፍራሽ አነጠፉበት። አቀበቱን እሷ ከኋላ ሀይደር ከፊት ሆነው ሲገፉ አባቷ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ግን ከደነው። የተቀበላቸው ነርስ ልቡ ነው አላቸው። ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብላ ሳሌም ጠየቀችው። ነርሱ ጓንቱን እያወለቀ፣ "እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እህቴ" አላት። አዎ ቢላት ይቀላት ነበር።

መኪናዋ እንዲህ የተበተነችው በሳሌም ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቅዳሜና እሁድን ቤቷ ታሳልፋለች። አንድ ቀን አባቷ ካምፑ በር ድረስ ሲያደርሳት ባልደረቦቿ ቆመው አዩ። ፊቷ ወደ መሬት የተደፋ፣ በየመንገዱ ዘይት የምታንጠባጥብ መኪና ናት። ማንም አልሳቀም። ሳሌም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ ራቅ ብላ መውረድ ጀመረች። አባቷ ምክንያቱን አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠችና እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖችን ሰዎች በገዛ ግቢያቸው እንዴት እንደሚያድሱ ቪዲዮ አሳየችው። የፊት ሞላዋን በአዲስ ቢቀይሩት ቀና ትላለች፤ በዚያው የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ያንን የሚያንጠባጥበውን የላስቲክ ቀለበት፣ ቢለውጡት ዘይቱ ይቆማል። በቃሉ ቪዲዮውን ሁለቴ አየው። እንግሊዝኛውን አልሰማም፤ የሰውየውን እጅ ነበር የሚያየው። "እጁ ንጹሕ ነው፤ ይሄ ሰው ሠራተኛ አይደለም" ብሎ ሳቀ፤ ግን እሺ አላት።

ሀይደር አንድ ጎማ እንዲፈቱና ዕቃው መጥቶ እሱ ሳይገጠም ሁለተኛውን እንዳይነኩ አስጠነቀቀ። በቃሉም የዘወትር ሕጉ ይኸው ነበር፤ ችግረኛ ቢመጣ አሮጌው ተመልሶ በግማሽ ሰዓት ትነሳለች። ሳሌም ግን ያዘዘችው ዕቃ በሳምንቱ እንደሚደርስ፣ ሁለቱን ባንዴ መፍታት ጊዜ እንደሚቆጥብ አስረዳች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር እምቢ አይሏትም። ያረጁት ጎሚኒዎች ሲወጡ ተቀደዱ። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልነበረም።

ሐሙስ ከመናኸሪያው ተደወለላት፤ ዕቃው ደርሷል። ዓርብ ቤቷ ስትገባ ደክሟት ነበር። ቅዳሜ ባምባሲ የጓደኛዋ ሠርግ አለ። ካርቶኑ ከባድ ነው፤ ልብሷም የሠርግ ልብስ ነው። አባቷ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ "እቃችን እንዴት ሆነ?" አላት። "ገና ነው፣ አባዬ" አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ታመጣዋለች፤ ምን ይለወጣል? እሱም፣ "ይደርሳል" አለ።

በዚያው በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ አሰለፈች ሳሌምን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። ነገ ሰልስት ነው፤ ሀይደርን በሰልስቱ ማየት እንደማትችል፣ ሄዳ እንዳይመጣ በክብር እንድትነግረው አዘዘቻት።

"ልብሴን ቀድጄ ከምጮህበት ይቅርብኝ። ጎረቤት ነው፤ አንቺ ንገሪው።"

ሳሌም አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች። በበሩ ሁለት ሴቶች ድስት ይዘው ገቡ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሀይደር ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ሲያያት ሥራውን አላቋረጠም።

"እናትሽ ነው የላከሽ?" አለ። ቤርታኛ አፉን የፈታበት ነው፤ በአማርኛው ሴትና ወንድ ይቀላቀሉበታል። "ነገ አትምጣ አለ?"

ራሷን ነቀነቀች።

"እሺ። አልመጣም።"

ተነሳና ከጓሮው ጆንያ ጎትቶ አመጣ። ከውስጡ ካርቶን ወጣ፤ የሳሌም ስምና ስልክ በወፍራም ብዕር ተጽፎበታል። ድንኳኑ ለሰው እንዲመች መኪናዋን ላንሳ ብሎ ከቀብር መልስ ራሱ መናኸሪያ መሄዱን ነገራት። የጭነቱ ሰው፣ ይሄ እኮ ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ነው፣ ለልጅቱ ደውለናል አለው። ይህን ሲነግራት ፊቷን አላያትም፤ ከመነዳሪውን ነው የሚያየው።

"እርስዎ ይህን ለማን ነገሩ?"

"ለማንም።"

"ለምን፣ ጋሼ ሀይደር? እርስዎን እኮ ነው የሚያሙት።"

"አሰለፈች አሁን ቁጣ አለው። ቁጣ ማረፊያ ይፈልጋል። እኔ ላይ ይረፍ፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ጎማ ተሸከመ። አንተ ላይ ከወደቀ ግን፣ ሳሌም፣ እናትህ ባልም ልጅም አጣ ማለት ነው።"

ከመነዳሪው ውስጥ ትንሽ አረፋ ብቅ አለች። በአውራ ጣቱ ያዛት።

ቤት ስትመለስ እናቷ ጓዳ ውስጥ እንደተቀመጠች ነበረች። ሴቶቹ ወጥተዋል። ሳሌም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሀይደር የሰጣት መንገድ ክፍት ነበር፤ ነግሬዋለሁ ብላ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሰፈሩ ሀይደርን ዓመት ያህል ይሸሸዋል፤ ከዚያ ይረሳል። ወይም አይረሳም።

"እማዬ፣ ዕቃው ደርሶ ነበር።"

"የቱ ዕቃ?"

"የመኪናዋ። ሐሙስ ደርሷል። አባዬ ሲጠይቀኝ ገና ነው አልኩት። ሁለቱንም ጎማ ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ሀይደር አንድ በአንድ ብሎ ነበር።"

ከውጭ የለቀስተኛው ጉምጉምታ ይሰማል።

"ቅዳሜ ባምባሲ ነበርሽ" አለች አሰለፈች።

"አዎ።"

"ሠርጉ ጥሩ ነበር?"

የምጸት ድምፅ አልነበረበትም። ሳሌም ከእንግዲህ መዋሸት አልቻለችም።

"ጥሩ ነበር" አለች።

እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሳሌም እንድትመታት፣ እንድትጮህባት ጠበቀች። ከነጠላው ስር የመጣው ድምፅ ግን ታምሩን እንድትጠራ የሚያዝ ነበር፤ እሱ ሲመጣም ያለችውን ደግማ፣ ቃል ሳትቀንስ፣ ለአጎቷ እንድትነግረው። ነገረችው። ታምሩ ልጅቷ ሐዘን አናውጧት የማታውቀውን ታወራለች ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። አሰለፈች፣ "እውነቷን ነው" አለች። "አሁን ሀይደር ቤት ሂድ። ነገ እንዲመጣ አንተ ራስህ ንገረው። ዕቃውንም ይዞ ይምጣ።"

ያን ሌሊትም ሆነ በማግስቱ ጠዋት እናቷ ሳሌምን አላነጋገረቻትም።

ሰልስቱ ወጣ፤ ካህናቱ ፍታት አድርሰው፣ ሰው ንፍሮና ምሳ ቀምሶ ገሚሱ ተበተነ። ለሌላ ለቅሶ ይፈለጋል ተብሎ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቀሉት። መኪናዋ ድንገት ፀሐይ ላይ ቀረች፤ ኮፈኗ ላይ የብርጭቆ ቂጥ ክቦች ታትመዋል። ሀይደር ካርቶኑን ይዞ ገባ። ታምሩ ክሪኩን አቀበለው። ሀይደር ተቀብሎ ከመኪናዋ ስር አስገባው። ሳሌም የአባቷን ቱታ ለመልበስ አልደፈረችም፤ በጥቁር ቀሚሷ ተንበረከከች። ሞላዎቹን አስገቡ። ጎሚኒዎቹን በዘይት አርሰው ገጠሙ። ጎማዎቹ ገቡ። የአምባ ዘመዶች ሻንጣቸውን ይዘው በአጥሩ ጥላ ይጠብቃሉ፤ የሚመለሱት በመኪናዋ ነው።

የቀረው ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር። ለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሀይደር ኮፈኑ ስር ሆኖ ዘይት ይጨምራል፤ ሳሌም ከጎማው ስር ተኝታ ትንሿን ቡሎን ከፍታ ትዘጋለች፤ አንድ ሰው ደግሞ መሪው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። ታምሩ ወደ መኪናዋ በር አንድ እርምጃ ተራመደ።

አሰለፈች ወደ ቤት ከተመለሰው ፍራሿ ተነሳች።

ባሏ የሞተባት ሴት ገና በሰልስቷ ከፍራሽ ተነስታ ወደ ግቢ አትወጣም፤ ከሴቶቹ አንዷ እጇን ልትይዛት ሞከረች። አሰለፈች እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። መኪናዋ ጋ ደርሳ ጫማዋን አወለቀች። በሾፌሩ በር በኩል ገብታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ ዘንቢሏን አቅፋ። ወጥታ ተቀመጠች። እግሯ አልደረሰም። በቃሉ ረጅም ስለነበር ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ሀይደር ወደ ፊት ሊስብላት እጁን ከወንበሩ ስር ሰደደ።

"ተወው" አለችው። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ተንሸራታ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

ሳሌም መሬት ላይ ተኛች። ከተኛችበት በተከፈተው በር በኩል የእናቷ ባዶ እግር ይታያታል።

"ርገጪ፣ እማዬ።"

ረገጠች።

"ያዢ።"

ያዘች። ሳሌም ቡሎኗን ፈታ አደረገች፤ ዘይቱ አረፋ እየተፋ ወጣ፤ ከዚያ ጠራ። ዘጋችው።

"አንሺ።"

እግሩ አልተነሳም። የፔዳሉ ላስቲክ በአንድ በኩል በበቃሉ ጫማ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ የእናቷ ጣቶች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተጭነዋል፣ ጥፍሮቹ እስኪነጡ። ሀይደር የዘይቱን ጠርሙስ እንዳዘነበለ ቆመ። ሳሌም መፍቻውን ይዛ በጀርባዋ ተኝታ ጠበቀች። ሁለተኛ አልጠራቻትም።